የነገ ተመላሾች አራተኛ ክፍል

እኔ በነበርኩበት አገር ከመሥሪያ ቤቶች ሁሉ በዕድሜ ትልቁ የጊዜያዊ ጉዳዮች መሥሪያ ቤት ነበር። ሕንፃው ከጥቁር ድንጋይ የተሠራ ነው፤ የግድግዳው ውፍረት ክንድ ተኩል ይሆናል። በሩ ላይ «በቅርቡ የሚዘጋ» የሚል ጽሑፍ በነሐስ ተቀርጾ ተሰቅሏል። ነሐሱን በየሳምንቱ የሚወለውል ሠራተኛ ነበረ፤ አባቱም እዚያው ሲወለውል ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ተጠባባቂ ይባላል፤ ተጠባባቂ ጸሐፊ፣ ተጠባባቂ ሹፌር፣ ተጠባባቂ ዘበኛ። አለቃችን አቶ ምንይችል በዋና ተጠባባቂነት ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርተዋል። እኔ ተጠባባቂ መዛኝ ነበርኩ። የመዛኝ ሥራ ልጆች ምን ያህል እንደተማሩ መለካት ነው። እህል በቁና እንደሚሰፈር እውቀትም ይሰፈራል ብዬ ከልቤ አምን ነበር። ከዚያ ቤት ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ ድካሙ ግን አብሮኝ ወጥቷል።

ከወንዙ ማዶ ያለው አገር ይነድ ነበር። ማን እንደለኮሰው እዚህ አልገባበትም፤ ለኳሾቹ ራሳቸው ገና አልተስማሙበትም። ከእሳቱ የሸሹት ሰዎች ወንዙን ተሻግረው የኛ ሜዳ ላይ ሰፈሩ። የኛ አገር ሰው እንግዳ አይጠላም፤ እንግዳው መቼ እንደሚሄድ ማወቅ ግን ይወዳል። ስለዚህ ሕጉ እነዚህን ሰዎች «ነገ ተመላሾች» ብሎ ሰየማቸው። ነገ የሚመለስ ሰው ዛሬ ዛፍ ምን ያደርግለታል ተብሎ ዛፍ መትከል ተከለከለ። ነገ የሚመለስ ሰው ዛሬ ይወልዳል ተብሎ ስለማይታሰብ ለሰፈሩ አዋላጅ አልተመደበም። ትምህርት ቤት ግን ተፈቀደ፣ ቸሮቹ ትምህርት ስለሚወዱ።

ቸሮቹ የምንላቸው በዓመት አንዴ ከሩቅ አገር እየመጡ ወጪያችንን የሚችሉ ሰዎች ናቸው። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ልጅ ደብተር ታቅፎ ሲያዩ ዐይናቸው እንባ ያቀርራል። እውነተኛ እንባ ነው፣ ቀርቤ አይቻለሁ።

ትምህርት ቤቱ አራት ክፍል ብቻ እንዲኖረው ተወሰነ። አምስተኛ ከተከፈተ ሰዎቹ ይቆያሉ ብሎ ማመን ይሆናላ። ፈቃዱም የሚሰጠው ለአንድ ዓመት፣ «ዘንድሮ ለመጡ ልጆች» ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ሰኔ መጨረሻ ትምህርት ቤቱ ይነቀላል። ድንኳኑ ይጠቀለላል፣ ሰሌዳው መኪና ላይ ይጫናል፣ ልጆቹ ተሰልፈው የስንብት መዝሙር ይዘምራሉ፣ የመሥሪያ ቤቱ ተወካይ «መልካም መንገድ» እያለ እጃቸውን ይጨብጣል። መኪናው ሜዳውን አንዴ ይዞርና ይመለሳል። በማግስቱ ድንኳኑ እዚያው ጉድጓድ ላይ ይተከላል፤ እነዚያው ልጆች እንደ አዲስ ይመዘገባሉ። «የመጣበት ዓመት» በሚለው ዓምድ ሥር ሁሉም «ዘንድሮ» ይባላሉ። «ዕድሜ» በሚለው ሥር «ለትምህርት የደረሰ» ይጻፋል። አራተኛን የጨረሰ ልጅ መሄጃ ስለሌለው ተመልሶ አራተኛ ይገባል። ይህን ሁሉ የምነግራችሁ አሁን ስለማውቀው ነው። ያኔ የማውቀው መዝገቡን ብቻ ነበር።

መዝገቡን ብቻ ለምን አወቅሽ የሚል ሰው ይኖራል። መዛኝ የሚመዝነውን ልጅ ፊት ማየት አይፈቀድለትም ነበር፤ ፊት አድልዎ ያመጣል ተብሎ። በፈተና ቀን በመዛኙና በልጆቹ መካከል አቡጀዲ ይወጠራል። ልጁ ሠርቶ ሲጨርስ ወረቀቱን በአቡጀዲው ሥር እጁን ሰዶ ያቀብላል። መዛኙ ይቀበላል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ያርማል። እኔ ይህን ደንብ እወደው ነበር፤ ንጹሕ ሥራ ይመስለኝ ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት አራተኛ ክፍሎች ከአርባ ጥያቄ በአማካይ ዐሥራ ዘጠኝ አገኙ። በሁለተኛው ዓመት ሠላሳ አንድ ሆነ። በመዝገቡ መሠረት እነዚህ ልጆች ከመጡ ዐሥር ወራቸው ነው፤ እሳት ውስጥ ያለፉ፣ ደብተራቸውን ወንዝ የወሰደባቸው ልጆች። አማካዩን ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ከዚያ መምህሩን ፍለጋ ሄድኩ። ጋሼ ጓንጉል ይባላሉ፤ ማዶ ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማሩ፣ ቁራጭ ጠመኔ ከደረት ኪሳቸው የማይጠፋ አጭር ሰው ናቸው።

«ዘዴዎ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ምን ዘዴ አለው እመቤቴ፣ ያውቁታል እኮ» አሉኝ።

እኔም «መምህሩ በተማሪዎቻቸው ችሎታ ላይ ያላቸው ጽኑ እምነት» ብዬ ዐሥራ አንድ ገጽ ጻፍኩበት። የሪፖርቱ ርእስ «ከምንም ወደ አራተኛ በዐሥር ወር» ነበር። ቸሮቹ አነበቡትና ሕይወቴ በአንድ ጊዜ ተለወጠ። ከአገር አገር ይጠሩኝ ጀመር። በየአዳራሹ ያው የታሸገ ውሃ፣ ያው ብስኩት፣ ያው «በጣም የሚያነቃቃ ነው» የሚል ሰው ይጠብቀኛል። ስለ ድንኳን ትምህርት ቤት ድንኳን ገብተው የማያውቁ ሰዎችን አስተማርኩ። ዐሥራ ሁለት አገር የኛን መንገድ ልከተል አለ። አቶ ምንይችል ስሜን በሙሉ መጥራት የጀመሩት ያኔ ነው፤ ከዚያ በፊት «አንቺ የልኬት ልጅ» ነበር የሚሉኝ።

በሦስተኛው ዓመት ፈተና ላይ ከአቡጀዲው ሥር አንድ የግራ እጅ ወጣ። የአውራ ጣቱ ጥፍር የለም፤ በቦታው ለስላሳ ጠባሳ አለ። ወረቀቱን ተቀብዬ ቁጥር ልጽፍበት ስል ቆምኩ። ያንን እጅ አምና አይቼዋለሁ፣ ካቻምናም አይቼዋለሁ። ዘንድሮ የመጣች ልጅ አምና እንዴት እጇን ሰጠችኝ ብዬ አሰብኩ። አስቤም ደንቡን ጣስኩና አቡጀዲውን ገለጥኩት።

ዐሥራ ስድስት ዓመት የሚሆናት ቀጭን ልጅ ቆማለች። አልደነገጠችም።

«ደህና ኖት እትዬ» አለችኝ፤ ከዚያ ወደ እግሬ አየችና «ዘንድሮ ጫማ ቀየሩ» አለች።

ለካ እነሱ በጫማዬ ያውቁኝ ኖሯል። ስሟን ጠየቅኳት፤ ታንጉት አለችኝ። አራተኛ ክፍል ስትማር ይህ ስንተኛ ጊዜዋ እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ሦስተኛዬ ነው። ጥያቄዎቹን ግን ቢቀያይሩልን ጥሩ ነበር፤ ሃያ ሰባተኛው ላይ ያለችው ላም ሦስት ዓመት ሙሉ ዐሥራ ሁለት ሊትር ነው የምትታለበው።»

ከኋላዋ አርባ ልጅ ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር፤ ዐሥራ ሁለቱ አገሮች ትዝ ሲሉኝ ተውኩት። ጋሼ ጓንጉልን ለምን አልነገሩኝም ብዬ ወቀስኳቸው።

«ነግሬዎት ነበር፣ ያውቁታል ብዬ» አሉኝ።

ወደ ከተማ ተመልሼ አቶ ምንይችል ቢሮ ገባሁ። ተአምር እንደሌለ፣ ልጆቹ ያው ልጆች እንደሆኑ፣ ውጤቱ የሚያድገው አንድ ክፍል ስለሚደጋግሙ እንደሆነ ነገርኳቸው። ረጋ ብለው ሰሙኝ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«በዐይኔ አይቻለሁ።»

«በዐይን ማየት አይፈቀድም እኮ ወይዘሮ አመለወርቅ።» ትንሽ አሰቡ። «ቢሆንም እውነት አይጣልም። የግርጌ ማስታወሻ አድርጊው።»

በመሥሪያ ቤታችን የግርጌ ማስታወሻዎች፣ አንባቢ እንዳይደክም ተብሎ፣ ለብቻቸው በሌላ ጥራዝ ይታተሙ ነበር። ጥራዞቹ የሚቀመጡት ምድር ቤት ነው። የምድር ቤቱ ቁልፍ ያዥ ገና አልተቀጠረም። የኔ ማስታወሻ ቁጥሩ ስልሳ ሦስት ነበር፤ በጥንቃቄ የተጻፈ፣ ሁሉንም የያዘ፣ እውነተኛ ማስታወሻ። ስጨርስ ኅሊናዬ ተኛልኝ። በየዓመቱም አንድ አንድ ጨመርኩበት። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የኔ ግን ነቀዘ።

በስድስተኛው ዓመት የታንጉት ታላቅ እህት ምጥ ያዛት። ከተማው በእግር የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ አዋላጅም አለች። አዋላጇ ወደ ሰፈሩ እንድትገባ የሚሞላው ቅጽ ላይ ግን «የመግቢያ ምክንያት» ከሚሉት ምርጫዎች ውስጥ ወሊድ አልነበረም። ዘበኛው ሰው ይሙት ያለ አይደለም፤ የሚስማማ ምክንያት ለመፈለግ ከልቡ ሞክሯል። «የውሃ ቧንቧ ጥገና» የሚለውን ሊያደርግላት ሲስማሙ ረፍዶ ነበር። እናትም ልጅም አልተረፉም። ታንጉት የእህቷን እጅ ይዛ ነበር። ያን ዓመት ለፈተና ስመጣ አርባውንም ጥያቄ መልሳ፣ ወረቀቱን ስታቀብለኝ እጇን ወዲያው አልመለሰችም።

«እትዬ አመለ» አለችኝ ከአቡጀዲው ወዲያ። «አዋላጅ መሆን እፈልጋለሁ።»

ከተማው ውስጥ የአዋላጆች ትምህርት ቤት ነበር። የሕጉ ጸሐፊዎች መከልከሉን ረስተውት ነገ ተመላሾችንም ይቀበላል። የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ሃያ ሦስት ዓመት ያልሞላት መሆኗን የሚያሳይ የልደት ወረቀት፣ እሱን ታንጉት ከማዶ በፕላስቲክ ጠቅልላ አምጥታዋለች፤ ሌላው በመዛኝ እጅ የተጻፈ፣ የተፈረመና ማኅተም ያረፈበት አንድ መስመር። «አራተኛ ክፍልን ጨርሳለች» የሚል። በሌላው ትምህርት ቤት ሁሉ ይህን መስመር እንደ ዘበት እጽፈው ነበር። በነገ ተመላሾች ሰፈር ግን ቃሉ አይፈቀድም፤ ጊዜያዊ ነገር አይጨረስም የሚል መመሪያ አለ። የሚፈቀደው «በመማር ላይ ትገኛለች» ነው።

«ከርሞ እናየዋለን» አልኳት።

ከርሞ መጣ፣ ከርሞም እንዲሁ አልኳት። ፈርቼ ነበር። እንጀራዬ ላይ መፍረድ አቃተኝ፤ ከዚህ የተሻለ ምክንያት ቢኖረኝ እነግራችሁ ነበር።

በዘጠነኛው ዓመት ሰኔ ፈተናው አልቆ ልጆቹ ሲበተኑ ታንጉት ወደ ኋላ ቀረች። አቡጀዲውን ራሷ አውርዳ አጠፈችው። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሙሉ ሴት ሆናለች፤ በሰፈሩ የሚወልዱትን ሁሉ የምትይዘው እሷ እንደሆነች ሰምቻለሁ። ጋሼ ጓንጉል ሰሌዳውን እየጠረጉ ነበር።

«አሁን ካልሆነ አይሆንም» አለችኝ። «የአዋላጆቹ ትምህርት ቤት የሚቀበለው መስከረም ላይ ነው። እኔ ኅዳር ላይ ሃያ ሦስት ይሞላኛል። በመጋቢት አንዷ ወላድ በእጄ ደማች፤ ደሙ እንዴት እንደሚቆም ባውቅ ትተርፍ ነበር። የማውቀው አራተኛ ክፍል ሳይንስ ላይ ያለውን ነው፤ እሱ ደግሞ ደም ቀይ ነው ብሎ ያልፈዋል።»

ያን ጊዜ ልጽፍላት እንደምችል አውቄ ነበር። ዳሩ ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳጠና የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አእምሮዬ ወደ ለመደው መንገድ ሄደ።

«ላንቺ ብቻ ብጽፍልሽ አንቺ ትሄጃለሽ» አልኳት። «አርባዎቹስ? ጥናት ልሥራ። የዘጠኝ ዓመቱን እውነት፣ በግርጌ ሳይሆን በመሃል ገጽ። ቃሉ ለሁላችሁም እንዲፈቀድ የሚያደርግ ጥናት።»

ጋሼ ጓንጉል ከሰሌዳው ሳይዞሩ «ለሁሉም እስኪጻፍ አንዷ ታረጃለች» አሉ። ከስንት ዓመት በኋላ አንቺ ይሉኝ ጀምረው ነበርና «አንቺ ልጅ፣ እሷ የጠየቀችሽ መስመር ነው፤ መጽሐፍ አልጠየቀችሽም» ብለው ጨመሩ።

«አንድ መስመር ጋሼ፣ አንድ ሰው ነው የሚያወጣው።»

«አንድ ሰው ትንሽ ነው?»

ታንጉት ሁለታችንንም አየችን። «ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አለችኝ።

«ከነሐሴ አያልፍም።»

«እርስዎ ካሉ ይሁን» አለች።

ያቺ «እርስዎ ካሉ» እስከ ዛሬ ታሳፍረኛለች። አምናኝ ነበር።

ጥናቱን ደስ እያለኝ ጻፍኩት፣ ይህን መደበቅ አልችልም። በሕይወቴ እንደዚያ ሠርቼ አላውቅም። ሠንጠረዥ በሠንጠረዥ ላይ ደረደርኩ፤ የዘጠኙን ዓመት መዝገብ እጅ ለእጅ አገናኘሁ። አርባ አንዱንም ልጆች በቁጥር ጠራኋቸው፣ ስም መጥራት ነውር ስለሆነ። ታንጉት ተማሪ ዐሥራ ሰባት ሆነች። ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ገጽ ወጣው። ከዚያ ለሦስት ገምጋሚዎች ተላከ። የመጀመሪያው አጠረ አለ። ሁለተኛው ረዘመ አለ። ሦስተኛው ልጆቹ ባይኖሩበት ጥናቱ ይበልጥ ንጹሕ አይሆንም ወይ ብሎ ጠየቀ። ለሦስቱም በትሕትና መለስኩ፤ ሐምሌ በዚህ አለቀ።

በነሐሴ የቸሮቹ ጉባኤ ፊት ቆምኩ። ድምፄን አጽንቼ ተአምር የለም አልኩ። የዐሥር ወሩ ነገር ስሕተት ነው፣ ስሕተቱም የኔ ነው። እነዚህ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ክፍል የተቀመጡ ያው ልጆች ናቸው፣ ጨርሰዋል፣ ጨርሰዋል ይባልላቸው። አለቀልኝ ብዬ ወረቀቴን ሰበሰብኩ።

ከዚያ አጨበጨቡ። መጀመሪያ አንድ ሰው፣ ቀጥሎ ሁሉም፣ ቆመው። አንዲት ሽማግሌ ሴት እንባዋን እየጠረገች መጥታ እጄን ያዘች። «ዘጠኝ ዓመት!» አለችኝ። «አንድን ልጅ ዘጠኝ ዓመት ሳያቋርጥ የተከተለ ጥናት የትም የለም። ምን ዓይነት ሀብት እንደያዛችሁ ታውቂያለሽ?» ከሰዓት በኋላ ውሳኔው ተነበበ። ጥናቱ ለተጨማሪ ዘጠኝ ዓመት እንዲቀጥል። «ጨርሳለች» የሚለው ቃል በመርሕ ደረጃ እንዲፈቀድ፤ ይህ ግን በጥናቱ ውስጥ ያሉትን አይመለከትም። ናሙናው እንዳይበተን ከአርባ አንዱ ማንም ከአራተኛ ክፍል እንዳይንቀሳቀስ። በተለይ ተማሪ ዐሥራ ሰባት፣ ከዘጠኙ ፈተና አንድም ቀርታ ስለማታውቅ፣ መተኪያ እንደሌላት ታውቆ ልዩ ጥንቃቄ ይደረግላት። የስም ዝርዝሩ ለሚመለከታቸው ሁሉ በግልባጭ ተላከ፤ ከሚመለከታቸው አንዱ የአዋላጆች ትምህርት ቤት ነበር። እኔ ተጠባባቂ ዋና መዛኝ ሆኜ ተሾምኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ስለ እኔ ዓይነቷ ነው፤ ልዩነቱ የጣልኩት የሰው መሆኑ ነው።

ከአቶ ምንይችል ጋር ተከራከርኩ። «እውነቱ እንዲታወቅ ፈለግሽ፣ ታወቀ» አሉኝ። «ሰዉ ሁሉ እንዲህ ቢሰማሽ ሌላ ምን ትፈልጊ ነበር?»

መስከረም ሲጋመስ ልነግራት ሄድኩ። ታንጉት የቀደደችውን አሮጌ ነጠላ በሰፊ ድስት ቀቅላ፣ ቁራጮቹን በገመድ ላይ እየሰጣች ነበር፤ ለሚወልዱት ነው። እየሰጣች ሰማችኝ። ጉባኤውን፣ ጭብጨባውን፣ ውሳኔውን፣ የተላከውን ዝርዝር ሁሉንም ነገርኳት። መጨረሻ ላይ ይቅርታ አልኳት። ሌላ ቁራጭ አንስታ፦

«ሰኔ ላይ የመጡ ቀን እስክሪብቶ ይዘው ነበር?» አለችኝ።

«ይዤ ነበር።»

«ማኅተሙስ?»

«ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።»

ራሷን ነቀነቀች፤ ተማሪ የተሳሳተው ጥያቄ መልሱ ሲነገረው እንደሚያደርገው። የቀረውን ጨርቅ ጨምቃ ሰቀለችው።

«ገጹ ስንት ሆነ?»

«ሁለት መቶ ዐሥራ አራት።»

«ብዙ ነው» አለች። ብትሰድበኝ በተሻለኝ ነበር። ባዶውን ድስት ተሸክማ ወደ ድንኳኗ ገባች።

በዐሥረኛው ዓመት ሰኔ ለፈተና ስመጣ መዝገቡ ላይ የተማሪ ዐሥራ ሰባት ቦታ ባዶ ነበር። ጋሼ ጓንጉልን ጠየቅኋቸው።

«ጥር ላይ ወንዙ ሲጎድል ተሻገረች» አሉኝ።

«ወዴት?»

«ወደ ማዶ።»

«ማዶ እሳት አይደለም እንዴ?»

«እሳት ነው። ግን እሳትም ውስጥ ሴት ታረግዛለች። እዚያ ማንም ወረቀት አይጠይቀኝም አለችና ጨርቆቿን ይዛ ሄደች።»

«ደህና ደረሰች?»

«የሰማ የለም።»

ከዚያ ማፈሬን ትቼ «ስለ እኔ ምን አለች?» አልኳቸው።

ጋሼ ጓንጉል ሊያስቀይሙኝ አልፈለጉም፤ መዋሸትም አይችሉበትም። «ስለ አንቺ አልተነሳም» አሉኝ።

ከመሥሪያ ቤቱ የተላከ ፖስታ እዚያው ይጠብቀኝ ነበር፤ ከፈትኩት። አቶ ምንይችል ደስታቸውን መያዝ አቅቷቸዋል። በመሥሪያ ቤቱ ታሪክ የመጀመሪያዋ ነገ ተመላሽ በእርግጥ ተመልሳለች፤ ይህም አራተኛ ክፍልን ዘጠኝ ጊዜ መማር ለመመለስ እንደሚያበቃ ያሳያልና ባስቸኳይ ሪፖርት ይዘጋጅ ይላል። አብሮት ከናሙና ለወጣ ተማሪ የሚሞላ ቅጽ አለ። ሦስት ሳጥኖች አሉት፤ ተመልሳለች፣ ሞታለች፣ አልታወቀም። ከሦስቱ አንዱ ላይ ምልክት አድርጌ መፈረም ነው።

ከልጆቹ ጠረጴዛ አንዱ ላይ ተቀመጥኩ። ሳጥኖቹን አየኋቸው። ቅጹን ገለበጥኩና በጀርባው፣ በንጹሑ ገጽ ላይ፣ «ታንጉት አራተኛ ክፍልን ጨርሳለች» ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ። ማኅተሙን አውጥቼ መታሁበት። አንድ ደቂቃ አልሞላም።

ጋሼ ጓንጉል ከትከሻዬ በላይ ሲያዩ ነበር። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉ፤ ተቆጥተው አይደለም፣ ደክሟቸው ነው።

«አውቃለሁ» አልኳቸው። «አንድ ደብተር ይቅደዱልኝ።»

ሉክ አመጡልኝ። ልጆቹን በስማቸው እንዲጠሩልኝ ጠየቅኳቸው። አንድ በአንድ መጡ፤ አንዳንዱ ፂም አብቅሏል፣ አንዷ ልጅ ታቅፋለች። ስማቸውን እየጠየቅሁ ያቺኑ መስመር እጽፋለሁ፣ እፈርማለሁ፣ እመታለሁ። ጨርሷል፣ ጨርሳለች፣ ጨርሷል። ዝርዝሩ በየቦታው እንደተላከ ያውቃሉ፤ ወረቀቱ የት እንደሚያደርሳቸው እኔም አላውቅም ነበር፤ አልዋሸኋቸውም። ያም ሆኖ ሁሉም በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ሃያ ስድስት ዓመቷ የሆነች አንዲት ሴት አንብባ፣ አጥፋ፣ ደረቷ ውስጥ ከታ «ለልጄ አሳየዋለሁ» አለችኝ። ለሁሉም የሚሆን ነገር ብዬ ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ገጽ የደከምኩበት ሥራ ከምሳ በፊት አለቀ።

ልጆቹ ወጡ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት ቀረ፤ የታንጉት። ጋሼ ጓንጉል መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ፣ ወረቀቱን አንስተው ከላይ እስከ ታች አነበቡት፣ ማኅተሙን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ልክ ነው» አሉና መልሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።